አንጓች ትቅመሰው

በፊት በፊት፣ ሰው ከበሬው ይልቅ በጋኑ ጠላ በሚኮራበት ዘመን፣ ሾላ አፋፍ በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ጋን አጣቢ ነበረች። እናንተ ዛሬ ጠርሙስ ከፍታችሁ፣ ጉሮሯችሁ ላይ ደፍታችሁ «ጠጣን» ትላላችሁ። መጠጣትስ አንጓች ጠጣች።

መሬት የላትም፣ በሬ የላትም። የሰው ጋን በግራዋ ቅጠል ታጥባለች፣ በወይራ ታጥናለች። የሚሰጧት ቅራሪ ነው፤ ዋናው ጠላ ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚቀዳው ቀጭኑ። በዚያ ቅራሪ ምላሷ ተሳለ። አፏ ላይ ታቆያለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ትውጣለች።

አንድ ጊዜ በሀብታም ሰርግ ላይ ጠላው ሸተተ። «አንጓች ጋኑን በደንብ ሳታጥብ ቀርታ ነው» አሉ። አንጓች ቀመሰች። አፏ ላይ አቆየች፣ ዓይኗን ጨፈነች። «ጋኑ ንጹሕ ነው፤ የሻገተው ብቅሉ ነው» አለች። አቅማዳው ሲፈታ ብቅሉ አረንጓዴ ሆኗል። ይቅርታ የጠየቃት ግን የለም።

ሌላ ጊዜ የማኅበር ጠላ ጣፈጠና ሰው ሁሉ አመሰገነ። አንጓች ቀመሰች። አፏ ላይ አቆየች፣ ዓይኗን ጨፈነች። «ጌሾ አንሶታል፤ ለነገ አይደርስም» አለች። «ቅራሪ የለመደ አፍ ምን ያውቃል» ብለው ሳቁባት። በማግስቱ ሆምጥጦ ተደፋ። ከዚያ ወዲህ ሳቁን ተዉት።

ሦስተኛው የነፍስ ነገር ነበር። ያገሩ ገዥ ፊታውራሪ እንግዳ ሆነው መጡ። ጠላውን የጠመቀችው አትጠገብ የምትባል አዲስ ሙሽራ ናት። ጌሾውን እሷ ጨምራለች። አማቷም «ምራቴ ረስታለች» ብላ ኋላ ደግማ ጨምራለች። አንዷ ለሌላዋ አልነገረችም። ፊታውራሪ ተጎነጩና ፊታቸው ተጨማደደ፤ «መርዝ ነው» ብለው ዋንጫውን ወረወሩ። አትጠገብ ታሰረች። አማቲቱ ፈርታ ጌሾ መጨመሯን ደበቀች።

አንጓች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጋኖቹ መሀል ወጣች። ፈርታለች፣ ለምን እዋሻችኋለሁ። መርዝ ከሆነ እሷ ትሞታለች፤ ዝም ካለች አትጠገብ ትሞታለች።

«ጌታዬ፣ እኔ ልቅመሰው» አለች።

ሙሉ ዋንጫ ዋና ጠላ ስትይዝ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው። አፏ ላይ አቆየች፣ ዓይኗን ጨፈነች። መራራው ምላሷን ነከሰው። ከመራራው ኋላ የተቆላው ገብስ መጣ፣ ከገብሱ ኋላ የወይራው ጭስ። ደስ አላት። እስከ አተላው ጨለጠችው።

«መርዝ አይደለም። ጌሾው ሁለት ጊዜ ገብቶበታል፤ አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ። እንዲህ ያለ ጠላ አይጋትም ጌታዬ። አፍዎ ላይ ያቆዩት።»

ይሄኔ አማቲቱ እያለቀሰች እውነቱን ተናገረች። ፊታውራሪ ግን አላመኑም፤ አንጓች እስክትወድቅ ጠበቁ። ፀሐይ ዞረች። አንጓች ጋን ማጠቧን ቀጠለች። በመጨረሻ ዋንጫ አስሞሉ። አፋቸው ላይ አቆዩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ድገሙኝ» አሉ። «ልጅቷንም ፍቷት።»

በሾላ አፋፍ ድግስ ሲኖር የመጀመሪያው ዋንጫ እስከ ዛሬ የጋን አጣቢዋ ነው። ሳይቀምስ ለሚፈርድ ሰውም «አንጓች ትቅመሰው» ይባላል። እኔ የጋን አጣቢ ልጅ ነኝ። እናቴ ዋንጫዋን ይዛ ዓይኗን ስትጨፍን፣ ሹሙም ቄሱም እጃቸውን አጣጥፈው እስክትገልጥ ሲጠብቋት አይቻለሁ።