ሦስት ጊዜ የሞተችው መኪና

ገመድ ማለት ሁለት ጫፍ ያለው ነገር ነው። አንዱን ጫፍ ብቻ የያዘ ሰው ገመድ ይዣለሁ ማለት አይችልም፤ መሃሉ ምን እንደሆነም አያውቅም። ይህችን ታህል ለመረዳት አንድ መንደር ሦስት ጊዜ መደንገጥ ነበረበት።

እንግዲህ አዳምጡ። ዝናብ ቀጠሮውን በሚያከብርበት፣ በአገሩም አንድ መኪና ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ጨፌ ዋርካ በምትባል የቆላ መንደር አራጋው የሚባል የወፍጮ ቤት ዘበኛ ይኖር ነበር። አራጋው ፈሪ ነበር። ላማው ብዬ አይደለም፤ እሱም አይክድም ነበር። ጅብ ይፈራል፤ ሙግት ይፈራል፤ ከሁሉ በላይ ኤሌክትሪክ ይፈራል። የወፍጮው ገመድ አንድ ቀን ይዞት ከግድግዳ ጋር አላትሞታል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያይ በአጠገቡ አያልፍም።

መኪናዋ የእድሩ ነበረች። አሮጌ ናት፤ ሸራ ለባሽ ናት፤ በሽተኛ ሐኪም ቤት የምታደርስ እሷ ብቻ ናት። ሾፌሯ እንድሪስ ይባላል።

በመጀመሪያው ዓመት መኪናዋ ገበያ መሃል ሞተች። መብራት የለም። ክላክስ የለም። ቁልፉ ሲዞር ጠቅ የሚል ድምፅ እንኳ የለም። ሰው ተሰበሰበ፤ ቡዳ በልቷት ነው ተባለ፤ ፌጦ ይረጭባት ያለም ተገኘ። አራጋው ፈራ ተባ እያለ መጣ። ከባትሪው ጀመረ። በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ዝገት ተጋግሮ ማሰሪያውን አላስነካ ብሎታል። በሙቅ ውሃ አጠበው፤ በቢላዋ ፋቀው፤ አጠበቀው። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቶም፣ «እስቲ ክላክስ አድርግ» አለ። ጮኸ። ፌጦውም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

በሁለተኛው ዓመት የእድሩ ዳኛ ልጁን ሊድር ሲል እንድሪስ መኪናዋን ለሙሽራ አረንጓዴ ቀለም ቀባት። ሥራው ደስ ስላለው ኮፈኑን ከፍቶ፣ ባትሪውን አውጥቶ፣ ውስጧንም ቀባት። በሠርጉ ጠዋት መብራት የለም። ክላክስ የለም። ጠቅ የሚል ድምፅ የለም። ሙሽራው ሱፉን ለብሶ ላቡን ይጠርጋል።

«አያ አራጋው፣ ባትሪውን ትናንት ነው ያሰርኩት፤ እሱን ዝለለው!» አለ እንድሪስ።

«መዝለል እፈራለሁ።»

ከባትሪው ጀመረ። ከዚያ ከባትሪው ወደ መኪናዋ ቦዲ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ በእጁ ተከተለ። ጫፉ የታሰረው ቀለም ላይ ነው፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፋቀው። «እስቲ ክላክስ አድርግ።» ጮኸ።

በሦስተኛው ዓመት የአራጋው ታላቅ እህት እማ ጦይባ ማሽላ ሲጠብቁ ከማማ ወድቀው ጭናቸው ተሰበረ። አራጋውና እንድሪስ በመኪናዋ ጭነው ወደ ሐኪም ቤት ይዘዋቸው ሄዱ። መንገዱ የጉሮን ወንዝ ያቋርጣል። ጉሮ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ቆላው ፀሐይ እየሞቀ ጎርፍ ይመጣል። አሸዋው መሃል ሲደርሱ ሞተሯ ታንቆ ጠፋ። እንድሪስ ቁልፉን አዞረ። መብራት የለም። ክላክስ የለም። ጠቅ የሚል ድምፅ የለም።

ደጋው ጠቁሯል። ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጣ። ከዚያ ከሩቅ ወፍጮ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። በዚያ በኩል ወፍጮ እንደሌለ አራጋው ከማንም በላይ ያውቃል።

«እንሸከማቸው!» አለ እንድሪስ። ብብታቸውን ይዞ ሊያነሣቸው ሲል የተሰበረው ጭን ተንጋደደ፤ እማ ጦይባ የጮኹት ጩኸት አስለቀቀው።

«ተዉኝና ሂዱ» አሉ እያቃሰቱ። «አንተ እንደሆንክ አራጋው፣ መሸሽ ታውቅበታለህ።»

አራጋው ኮፈኑን ከፈተ። ከባትሪው ጀመረ። ማሰሪያው ጠብቋል። የቦዲው ገመድ ንጹሕ ነው። የመጀመሪያው ውሃ ጭራሮ እየገፋ መጥቶ ጎማውን ላሰ።

«ኧረ በአላህ ፍጠን!» አለ እንድሪስ።

አራጋው አልፈጠነም። አንድ ነገር ቢዘል፣ የተበላሸው ያ የዘለለው እንዳይሆን ፈራ። ሞተሩን ለሚያስነሣው ሞተሪኖ፣ ለመብራቱና ለክላክሱም ኃይል የሚያደርሰውን ወፍራም ገመድ ስንዝር በስንዝር እየጨበጠ ወረደ። ላዩ ደህና ነው። መሃሉ ላይ ግን እንደ ባዶ አንጀት ልል የሆነ ቦታ አለበት። ላስቲኩን ሰነጠቀው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ አረንጓዴ ዝጎ ተበጥሷል። ጫፎቹን ፍቆ ጠመዘዛቸው። ማሰሪያ ስላልነበረው በእጁ ጨመቃቸው። ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ነገር መዳፉ ውስጥ ገባ።

«ክላክስ አድርግ!»

«ጎርፍ እየመጣ ክላክስ?»

«ካልጮኸ አልተገናኘም! አድርግ!»

ጮኸ። እንድሪስ ቁልፉን አዞረ። ሽቦው እንደ ፍም ጋለ። አራጋው ዓይኑን ጨፍኖ እሪ አለ፤ ግን አልለቀቀም። ሞተሯ ተነሣ። አንዴ ከተነሣች የራሷ ዲናሞ ይበቃታልና፣ አራጋው ሽቦውን ለቆ በመኪናዋ ጎን ተንጠለጠለ። ዳገቱን ወጥተው ዞር ሲሉ፣ ቆመውበት በነበረው ቦታ ላይ አንድ ሙሉ ዋርካ ከነሥሩ እየተንከባለለ ያልፍ ነበር።

እስከ ዛሬ የጨፌ ዋርካ ሾፌር ጉሮ ዳር ሲደርስ ቆሞ አንድ ጊዜ ክላክስ ያደርጋል። እስኪጮኽ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ይላል፤ ካልጮኸ ወንዙ ውስጥ አይገባም። እንግዳ ሰው ለወንዙ ሰላምታ የሚሰጡ ይመስለዋል። ለአራጋው ነው።

እማ ጦይባ እያነከሱ ሃያ ዓመት ኖሩ። አራጋው መዳፉ ሲሽር ወደ ወፍጮው ተመለሰ፤ ፍርሃቱ አልቀነሰም። መኪናዋን ከዚያ ጎርፍ በኋላ በመጣው ክረምት፣ እንድሪስ ወንዙ ዳር አቁሟት ምሳ ሲበላ ጎርፍ ወሰዳት። ኤሌክትሪኳ በሙሉ ይሠራ ነበር።