የተቆለፈበት ዱቄት

ቃላቸው እንደ ክረምት ፀሐይ ብርቅ የሆነ አንድ አዛውንት ወንዝ ዳር ይኖሩ ነበር። ከቤታቸው ከፍ ብሎ፣ ወንዙ ከሚመጣበት በኩል፣ የአቶ ሽመክት ክር ማቅለሚያ ፋብሪካ አለ። አንድ ቀን ነጭ ጋቢያቸውን ወንዙ ውስጥ ቢያጥቡት ቀልቶ ወጣ። «የፋብሪካው ውሃ ነው» ሲሉ ለጎረቤት ተናገሩ።

ወሬው አቶ ሽመክት ጆሮ ደረሰ። ሰውየው በቁጣ አዛውንቱንና የአገር ሽማግሌዎችን ፋብሪካው ግቢ ሰበሰበና፣ «ስሜን አጥፍቷል! ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ይውደቅልኝ!» አለ።

«ለመሆኑ ውሃዎ ንጹሕ ነው?» አለ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ።

«እንዴታ! ከባሕር ማዶ ያስመጣሁት ዱቄት አለ። ፀሐይ ሲያገኝ ቀለሙን ከውሃው ውስጥ ሙልጭ አድርጎ ይበላል። ውድ ነውና ዝናብም ሌባም እንዳይነካብኝ ውሃው ከሚጣራበት ገንዳ ጋር ቆርቆሮ ቤት ዘግቼበታለሁ። ቁልፉ ይኸው፣ ካንገቴ አይወርድም!»

ሰብሳቢው ወደ አዛውንቱ ዞሮ፣ «እህ አባባ፣ ምን ይላሉ?» አላቸው።

አዛውንቱ ከአጥሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ አንስተው፣ የቀላውን ጋቢ በደረቡበት ትከሻቸው ላይ አኖሩት። አቶ ሽመክት ደስ ብሎት እግሩን አመቻቸ።

«ጌታዬ፣» አሉት፣ «ፀሐይ ካልቀመሰ የማይሠራውን ምስኪን ጨለማ ቤት አስረው ጦሙን ያሳድሩታል። ይቅርታ የሚጠየቀው ዱቄቱ ነው፤ ጠያቂውም እርስዎ። ሸክም ስላልለመዱ ድንጋዩን እስከ ቆርቆሮ ቤቱ በር ላድርስልዎ፤ እርስዎ ቁልፉን ይዘው ይከተሉኝ።»