ለማክሰኞ የተቀጠረችው ኳስ

ተረት ተረት፤ እናንተ «የመሠረት» ስትሉ እኔም ከመሠረቱ እነሳለሁ። ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሌለው የጎረቤቱን ይዋስ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሲናገር ሰው ዝም ብሎ በሚሰማበት ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ አንዲት ጨፌ ነበረች። በጨፌዋም ላይ አንዲት ኳስ ትኖር ነበር። ኳስ ስላችሁ የሱቅ እንዳትመስላችሁ። የተቀደደ ነጠላ፣ አቻ የሌለው ካልሲ፣ የሽንኩርት ከረጢት ክር፤ በቃ ይኸው ናት። ከአጥር ሥር ተጥላ ሳለች ስሟ ቡቱቶ ነበር። ግልገሎች፣ ጥጆችና ውርንጭሎች አገኟት፤ ጠቀለሏት፤ መቷት፤ ኳስ ሆነች። እሷም ይህን አትረሳውም፤ ሲመቷት ኳስ፣ ሲተዋት ቡቱቶ።

ጨዋታቸው እንዲህ ነበር።

«ገባ» ይላል ግልገል።

«አልገባም» ይላል ውርንጭላ።

«ገባ።»

«አልገባም።»

«እንግዲያ ይደገም» ይላል ጥጃ። ይደገማል።

አንዱ ወገን ሲበዛበት ጥጃው ሳይጠሩት ወደ ደካማው ይሻገራል። አንዱ ወድቆ ሲያለቅስ ሁሉም ቀጥ ይላሉ፤ ፊሽካቸው ልቅሶ ነበር። እናቶቻቸው ማታ «ማን አሸነፈ?» ሲሏቸው «ነገም እንጫወታለን» ብለው ይመልሳሉ።

አንድ ቀን ግልገሉ እያነከሰ ቤቱ ገባ። እናቱ እመት ፍየል፣ ያቺ ጢሟ ከምላሷ የሚያጥረው፣ «ማነው የረገጠህ?» አለችው።

«እኔ እንጃ። ተደራርበን ነው የወደቅነው።»

«ዳኛ የት ነበር?»

«ዳኛ ምንድን ነው?»

እመት ፍየል ይህን ስትሰማ የጥጃውን እናት ላምን፣ የውርንጭላውንም እናት አህያን ጠርታ ሰበሰበች። «ልጆቻችን ያለ ዳኛ ሲራገጡ ኖረዋል» አለች።

«ልጆች ናቸው እኮ» አለች ላሟ።

«አዎ፣ ልጆች ናቸው። የሚረግጠው ግን ያንቺ ልጅ ሰኮና፣ የሚያነክሰው የኔ ልጅ እግር ነው።»

ላሟ የልጇን ሰኮና አየች፤ እውነት ነበራ።

«ደግሞ ያገኛችሁትን እንዳታመጡብኝ» አለች እመት ፍየል፤ « የተማረ፣ የተመሰከረለት ዳኛ ይምጣ።»

በዚያ አገር የተመሰከረለት ዳኛ አንድ ብቻ ነበር፤ ከገደሉ ሥር ባለው ጫካ ችሎት የሚያስችለው ጉሬዛ። ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሰ፣ የነብርንና የከርከሮን የወሰን ክርክር የዳኘ፣ ጉቦ የማይቀምስ። የኳሱም ዳኛ ዳኛ፣ የሸንጎውም ዳኛ ዳኛ ስለሚባል ላኪም ተላኪም አልለዩትም። «ዳኛ ተፈልገሃል» ሲሉት ነፍስ የጠፋ መስሎት ገደሉን በሩጫ ወጣው።

ድንጋይ አስመጣና ከሜዳው መሃል ተቀመጠ።

«ከሳሽ ማነው?» አለ።

ልጆቹ ተያዩ።

«ከሳሽ ከሌለ እኔን ለምን ጠራችሁኝ? የተበደለ መኖር አለበት።»

ግልገሉ አሰበ፣ አሰበና፣ «ጥጃው ባለፈው ረግጦኛል መሰለኝ» አለ።

«ዋስ ጥራ» ተባለ ጥጃው።

በማግስቱ ውርንጭላው «ስወድቅ ሳቁብኝ» ብሎ ከሰሰ። «ምስክር ቁጠር» ተባለ። አብረው የሳቁት ሁሉ «እኔ አልሳቅሁም፣ እሱ ነው» ተባባሉ።

በሦስተኛው ቀን «ገባ»፣ «አልገባም» ሆነ። ጥጃው «ይደገም» ሊል አፉን ሲከፍት ጉሬዛ ቀደመው። «የሆነ ነገር ይጣራል እንጂ አይደገምም» አለና ኳሷን አንስቶ ከድንጋዩ ሥር አኖራት። «ማስረጃ ናት። ነገሩ ለማክሰኞ ተቀጥሯል።»

ማክሰኞ መጣ፤ ምስክር ቀረ። ለሌላ ማክሰኞ ተቀጠረ። ያም መጣ፤ ዋሱ ታመመ። ደግሞ ተቀጠረ። ግልገሎች ከእናታቸው ሥር፣ ጥጆች ከእናታቸው ሥር ተቀምጠው በሩቅ ይገላመጣሉ። ሜዳው ሣር አበቀለ። ዝናብ መጣ። መጀመሪያ የኳሷ ክር ላላ፤ ከዚያ ካልሲዋ ሾለከ፤ ከዚያ አይጥ መጣች።

«እንዴት ዋልሽ፣ ቡቱቶ?»

«ኳስ ነኝ።»

«ማን ይመታሻል?»

ኳሷ ሣር የበቀለበትን ሜዳ አየች።

«አትዘኚ። ልወልድ ነው፤ የልጆቼ አልጋ መሆን ከመበስበስ ይሻልሻል። በሚመጣው ማክሰኞ እወስድሻለሁ» ብላት ሄደች። እሷም ቀጠሮ ለምዳ።

ያን ጊዜ ኳሷ ከድንጋዩ ሥር፣ «ጌታዬ፣ ልጠይቅ?» አለች።

ጉሬዛ «ማስረጃ አይጠይቅም» ሊል ነበር፤ ተወው። ክፉ አልነበረም። «ጠይቂ።»

«እኔ ምን በደልኩ?»

«ምንም።»

«ልጆቹስ?»

ጉሬዛ ጅራቱን ዳበስ ዳበስ አደረገ። «እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነው። በሸንጎዬ ጠበኞች መጥተው ታርቀው ይሄዳሉ። እዚህ ወዳጆች መጥተው ተጣልተው ሄዱ። ከኔ በፊት ሲጣሉ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ብነግርህ ምስክር ቁጠሪ ትለኛለህ። ልቀቀኝና እይ።»

«ነገርን ከቦታው ሄዶ ማየት ወግ ነው» አለና ለቀቃት።

ተንከባለለች። ከግልገሉ እግር ሥር ደረሰች። ግልገሉ እናቱን አየ፣ ኳሷን አየ፣ መታት። ጥጃው ዋሱን ትቶ ተነሳ። ውርንጭላው ሲሮጥ ተደናቅፎ ወደቀ፤ ሁሉም ሳቁ፤ ቀድሞ የሳቀው እሱ ራሱ ነበር።

«ገባ።»

«አልገባም።»

«ይደገም።»

«ለካስ ፍርዳቸው ይቺ ናት» አለ ጉሬዛ።

ይደገም ብለው ሲደግሙ ውርንጭላው አጥብቆ መታት። ኳሷ ወደ ገደሉ በረረች። ግልገሉም ዓይኑን ከሷ ሳይነቅል ተከተላት። እመት ፍየል «ልጄን!» ብላ ጮኸች። ጉሬዛ ከድንጋዩ ዘለለ። አንድ ዘለለ፣ ሁለት ዘለለ፣ በሦስተኛው አፋፉ ላይ ደረሰ፤ በአንድ እጁ ግልገሉን በጆሮው፣ በአንድ እጁ ኳሷን በካልሲዋ ያዘ።

«ማነው የገፋህ?» አለች እናቱ ሮጣ ደርሳ።

«ማንም። ኳሷን ሳይ ገደሉን አላየሁትም።»

ጉሬዛ ልጇን አስረከባት። «እመቴ፣ ለልጅሽ መፍራትሽ ልክ ነበር። የሳትነው ቦታውን ነው። የዚህ ሜዳ ክፉው መሃሉ ላይ አይደለም፤ ዳሩ ላይ ነው።» ድንጋዩን ከመሃል አንስቶ አፋፉ ላይ አኖረና ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ተቀመጠ።

«እዚያ ለመቀመጥማ መማር ምን ያደርጋል? እኔም እበቃለሁ» አለች እመት ፍየል።

«ትበቂያለሽ። ነገ ተራው ያንቺ ነው፤ ከነገ ወዲያ የላሟ።»

«ክሱስ?»

«ለማክሰኞ ተቀጥሯል።»

«ለየትኛው ማክሰኞ?»

«ልጆቹ አድገው፣ ማሸነፍ አምሯቸው፣ ራሳቸው ዳኛ አምጡ ለሚሉበት። ያን ጊዜ ጥሩኝ፤ እመጣለሁ።»

አይጥ በቀጠሮዋ መጥታ «ቡቱቶ» ብላ ተጣራች። ማን ይመልስላት? ቡቱቶ አየር ላይ ነበረች። የላላውን የነጠላዋን ቁራጭ ግን ለልጆቿ አልጋ ትታላት ነበር።

ዳኛ ከተቀመጠ ከሳሽ አይጠፋም፤ ገደል ካለ ግን ጠባቂ ይቁም። ተረቴን ባትመልሱ እንኳ፣ ለልጆቹ ኳሷን መልሱ።