ጾመኛው ዘንዶ

ቀረብ በሉና ስሙኝ፤ የዛሬውን ተረት የምነግራችሁ ተናድጄ ነው።

ዕቃውም እንስሳውም አፍ በነበረው ዘመን፣ ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለል ትንሽ ዘንዶ ነበር። ጌታው ባላምባራስ ደምመላሽ ከቆላ አምጥተው ደጋ ላይ በመስተዋት ሣጥን ያኖሩታል። ሣጥኑ ውስጥ አፉ የተሸረፈ ገንቦ፣ ከሣጥኑ አጠገብ የፍም ማንደጃ ነበረለት። ዘንዶው ገንቦው ውስጥ ይደበቃል፣ በፍሙ ይሞቃል፣ የሚሰጡትን አይጥ ይበላል። ሌላ ምንም አይፈልግም ነበር።

ባላምባራስ ግን ታይታ ይወዳሉ። «ይሄ ገንቦ ከእንግዳ ይከልለዋል» ብለው ገንቦውን አወጡት።

«ጌታዬ፣ መደበቂያዬን ይመልሱልኝ» አለ ዘንዶው። አልሰሙትም።

በሳምንቱ «ጭሱ መስተዋቱን ያጠቁረዋል» ብለው ማንደጃውን አነሱት።

«ጌታዬ፣ በረደኝ፤ እሳቴን ይመልሱልኝ።» አልሰሙትም።

የበረደው ዘንዶ ምግብ አይፈጭለትም። የሰጡትን አይጥ ትቶ ተጠቀለለ። ወሩ ደግሞ ሁዳዴ ነበርና ባላምባራስ «ዘንዶዬ ጾም ያዘ» ብለው ለአገሩ አወሩ። ጎረቤቱ ጾመኛውን ሊያይ ጎረፈ። «ከባሌ ይሻላል» አለች ወይዘሮ ስንዱ። ዘንዶው ተርቦም ተናዶም ሁሉንም ይሰማል።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ በርዶት ነው» አለ ገንቦው ከደጅ።

«አንተ ሽራፊ፣ ዝም በል» አሉት ባላምባራስ።

የፋሲካ ዕለት በእንግዶች ፊት «ይፈስክ» ብለው ትልቅ አይጥ ከነነፍሱ ጣሉበት። አይጡ ጥግ ይዞ ጠበቀ።

«ምነው፣ አትበላኝም?»

«አቅም የለኝም።»

«እንግዲያው እኔ ልፈስክ» አለና ጀርባውን ይግጠው ጀመር።

ዘንዶው ራሱን ቀና አደረገ። ያን ቀን አንቱታውን ተወ።

«ደምመላሽ፣ እኔ አልጾምኩም። ያስራብከኝ አንተ ነህ። በእኔ ረሃብ የተመሰገንከውም አንተ ነህ።»

እንግዶቹ እጃቸውን ከማዕዱ ሰበሰቡ። ወይዘሮ ስንዱ «ከባሌ ይሻላል» በማለቷ አፍራ ተነሣች፤ አይጡን አባራ፣ ዘንዶውን ገንቦው ውስጥ አስገብታ ቤቷ ወሰደችው። ምድጃዋ አጠገብ አስቀመጠችው፤ ሰንብቶም መብላት ጀመረ። የጀርባው ጠባሳ ግን አልጠፋም።

አንድ ቀን ባላምባራስ መጥተው ገንቦውን አንኳኩ። «ውጣ እንጂ፣ እንግዶች ይጠብቁሃል።»

«አልወጣም» አለ ዘንዶው ከውስጥ። «እየበላሁ ነው።»

ተረቴም ንዴቴም ይኸው ነው፤ በእጃችሁ ያለ ፍጡር ዝም ሲል ከማመስገናችሁ በፊት፣ በልቶ እንደሆነ ጠይቁት።