የኢንጂነር ልሳነወርቅ ጣት

ሰኞ ጠዋት ገርጂ ውስጥ በሚገነባ ሕንፃ ላይ ክሬኑ ራሱን አቆመ። የተጫነው ፌሮ ከአቅም በላይ መሆኑን የለካው አዲሱ የደህንነት ኮምፒውተር ነበር። ኮምፒውተሩን ባለፈው ሳምንት ሪባን ቆርጠው ያስመረቁት ሥራ ተቋራጩ ኢንጂነር ልሳነወርቅ፣ ከተንጠለጠለው ጭነት ሥር ሠራተኛ እየተመላለሰ፣ በክሬን ኦፕሬተሯ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ።

"አጥፊውና አንሺ! አለዚያ ነገ እንዳላይሽ!"

ኦፕሬተሯ ወርዳ አንድ ጥቁር መስታወት ዘረጋችላቸው።

"እሺ ኢንጂነር፤ የሚጠፋው በአለቃ አሻራ ነው። ሰው ቢሞት ያዘዘው ማን እንደሆነ መዝግቦ ይይዛል። ያቺን የቀሰሯትን ጣት እዚህ ላይ ያሳርፉልኝ።"

ጣቲቱ ኪስ ገባች። ፌሮውም በሁለት ዙር ተነሣ።

ማክሰኞ የመጣው የጥገና ባለሙያ እንዳስረዳው፣ ኮምፒውተሩ አሻራ የሚቀበልበት ነገር ጭራሽ የለውም። ኦፕሬተሯ የዘረጋችው ባትሪው ያለቀ የራሷን ስልክ ነበር።