ታንኳ ገፊው ፈንቴ

ጣና ከዛሬው ይልቅ ሰፊ በነበረበት፣ ጉማሬ ከሰው ደጅ ሣር ግጦ በሚመለስበት ዘመን የሆነ ነው። እኔ ከአያቴ ሰማሁ፤ አያቴም ከአያቱ ሰማ። እናንተ ደግሞ ከእኔ ስሙ፤ ጠጋ በሉ።

ጣና ውስጥ ዘልቆ የገባ ረጅም መሬት አለ። በሦስት በኩል ውሃ ነው፣ በአንድ በኩል አገር ነው። ቅርጹን አይተው የጎሽ ምላስ አሉት። ያየው ሁሉ ይወደዋል። ጎንና ጎኑ ደን ነው። ከደኑ መሐል የጊዮርጊስ ደብር አለ። ከደብሩ ወዲያ ነጫጭ ወፎች የሰፈሩበት ትልቅ ሾላ አለ። ጫፉ ላይ የቆመ ሰው ደሴቶቹን ሁሉ ያያል።

በሁለቱ ሰንበት አይታረስም፣ አይፈጭም። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ የደጋው ሰው ስንቁን ቋጥሮ ይወርዳል። ታንኳ ይሳፈራል። ምላሱን ይዞራል። ደብሩን ይሳለማል፣ ከሾላው ሥር ይበላል፣ ጫፉ ላይ ቆሞ ይገረማል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሳል።

ይህን ሰው የሚያዞር ፈንቴ የሚባል ቀዛፊ ነበር። ድሀ ነው። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም። በአዘቦት ቀን ብቻውን ዓሣ ያጠምዳል፣ ብቻውን ይበላል። በሰንበት ግን ተሳፋሪዎቹ ከስንቃቸው ያካፍሉታል። የድካሙ ዋጋ ይኸው ነበር፤ ከሾላው ሥር፣ ከሰው ጋር፣ ቁጭ ብሎ መብላት። ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ማዕድ ይጠብቃል።

ቢያድግ የሚባል ጎረቤት ነበረው። ቢያድግ በወባ ሞተ። ሚስቱ እንጉዳይ ሐዘኗን ስትጨርስ የባሏን ታንኳ ውሃ ላይ አወረደች። ሴት ስትቀዝፍ በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰዉ ጉድ ለማየት ተሳፈረ። በሁለተኛው ቅዳሜ ወዶ ተሳፈረ። እንጉዳይ ጨዋታ አዋቂ ናታ! ወፎቹ ለምን ነጭ እንደሆኑ ታወራለች፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ታንጎራጉራለች። ሰዉ እየሳቀ ሄዶ እየሳቀ ይመለሳል።

ፈንቴ ዳር ቆሞ አየ። «እሷ ካወራች እኔስ ምላስ የለኝም?» አለ። በማግስቱ እሁድ ጥቂት ሰዎች ቢሳፈሩለት ማውራት ጀመረ። «ይህን ሾላ የተከለው ራሱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው» አለ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ መሪጌታ ነበሩ።

«ጊዮርጊስ ጣናን መቼ አየውና ነው ሾላ የሚተክልበት?» አሉት።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ፈንቴ ከሾላው ሥር ተቀምጦ የሰጡትን ዳቦ ጎረሰ። ከሾላው ወዲያ በኩል ደግሞ የእንጉዳይ ሰዎች ይስቃሉ። የሚስቁት በራሳቸው ጨዋታ ነበር፤ ለፈንቴ ግን በእሱ ላይ የሚስቁ መሰለው። ልጆቼ፣ ቅናት እንዲህ ነው። የሰው ደስታ ስድብ ሆኖ ይሰማል።

የገበያ ቀን ደረሰ። ፈንቴ ወደ ገበያ ወጣ። ከደጋው ሰዎች መሐል ቆመ። «የእንጉዳይ ታንኳ መልካም ታንኳ ነው» አለ። «ብቻ ባሏን የበላ ታንኳ ነው።» ሌላ አልጨመረም። ዓሣውን ሸጦ ወረደ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደረሰ። በዚያ ሰንበት ሰዉ ሁሉ ወደ ፈንቴ ሄደ። እንጉዳይ መቅዘፊያዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዳር ተቀመጠች። በሚቀጥለውም ሰንበት ተቀመጠች። ከዚያ ወደ ፈንቴ መጣች።

«አያ ፈንቴ» አለችው፤ «ቢያድግን አንተ ታውቀዋለህ። አልጋው ላይ እንደሞተ ታውቃለህ። ሰው የማያውቀውን ያወራል። እባክህ አንተ ንገርልኝ፤ አንተን ያምኑሃል።»

ፈንቴ መረቡን እየጠገነ ነበር። ቀና ብሎ አላያትም።

«እኔ ምን ቤት ነኝ?» አላት።

«እሺ አያ» ብላ ሄደች።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ አላለውም። እንዲያውም አሁን በሌላ ነገር ቀናባት። ሰውን ሳትጠረጥር በምታድረው ልቧ ቀናባት። እንዲህ ያለ ልብ እሱ አልነበረውም።

ደግሞ አንድ ቅዳሜ መጣ። የደጋው ሰው ለቅሶ ላይ ስለዋለ አልወረደም። ከሩቅ አገር ግን ሙሽራና ሙሽሪት ከሁለት ሚዜዎች ጋር መጡ። ምላሱን መዞር ፈለጉ። እንጉዳይ ታንኳዋ ላይ ሆና ስታንጎራጉር ሰሙ። ወደ እሷ ሄዱ። በፈንቴ ፊት አልፈው ሄዱ።

ፈንቴ ባዶ ታንኳውን ይዞ ተከተላቸው። «ዓሣ ላጠምድ ነው» አለ ለራሱ። መረቡን ግን አልያዘም። እነሱ ደብሩን ተሳለሙ፤ እሱ ራቅ ብሎ ጠበቀ። እነሱ ከሾላው ሥር በሉ፤ እሱ ራቅ ብሎ አየ። እነሱ ወደ ጫፉ ቀዘፉ፤ እሱም ቀዘፈ።

ጫፉ አጠገብ ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉ የእንጉዳይን ታንኳ መታው። ታንኳው የታሰረ የደንገል ሣር ነው፤ ማሰሪያው ተበጠሰ። ታንኳው ተፈታ፤ ሙሽሪት ጮኸች። የፈንቴ ልብ «እሰይ!» አለች። አዎ፣ እንዲያ አለች፤ እሱ ራሱ ነው ኋላ የተናገረው። ልቡ እሰይ ስትል እጁ ግን ቀዘፈ። ደረሰ። ሙሽሪትን ሳበ፣ ሙሽራውን ሳበ፣ ሚዜዎቹን ሳበ። እንጉዳይ ከተረፈው የደንገል እስር ጋር ተጣብቃ ነበር፤ ገመድ ወረወረላት። ሁሉንም ጫፉ ላይ አወጣ።

ሙሽራው የፈንቴን ጉልበት ሳመ። አንዱ ሚዜ ግን ወደ እንጉዳይ ዞረ። «መንገድ ላይ ባሏን የበላ ታንኳ ሲሉ ሰምቼ ንቄ ነበር። ለካ እውነት ኖሯል! ለአገሩ ሁሉ እንናገራለን፤ ከእንግዲህ በእሷ ታንኳ ማንም አይሳፈርም» አለ።

ፈንቴ የተመኘው ሁሉ ሆነለት። አፉን ዘግቶ ቢቆም ይበቃው ነበር። እንጉዳይ ውሃ እየተንጠባጠበች አየችው። አሁንም እንዲናገርላት ነበር የምትጠብቀው።

«ያን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ» አለ ፈንቴ። «ቢያድግ የሞተው አልጋው ላይ ነው። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ዛሬም ታንኳውን የመታው ነፋስ ነው።»

«ታዲያ ምን አድርጋህ?» አለ ሙሽራው።

«ምንም። ቀንቼ ነው። ሰው ከእሷ ጋር ሲበላ አይቼ ነው።»

እንጉዳይ ወደ እሱ ዞረች።

«አያ ፈንቴ፣ ከሾላው ሥር ቦታ ጠቦን ነበር?» አለችው። ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ አላናገረችውም።

ፈንቴ ደንገል አጨደ። አዲስ ታንኳ አሰረላት። ገበያ ወጥቶ ያወራውን ወሬ በራሱ አፍ አፈረሰው። ሰዉ ወደ እንጉዳይ ተመለሰ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ፈንቴ ውሃው ውስጥ ገብቶ ታንኳዋን በእጁ ገፋላት። «ይቅናሽ» አላት። ፊቱ ግን ከሰል መስሎ ነበር። እሁድም ገፋላት። በየሰንበቱ ገፋላት። በየሰንበቱ ፊቱ ከሰል ይመስላል።

መሪጌታው ይህን አይተው ጠየቁት። «ፈንቴ፣ ቅናቱ አልለቀቀህም እንዴ?»

«አልለቀቀኝም አባቴ» አለ። «ያመኛል። ሲያመኝ ነው የምገፋው።»

እንዲህ ሲገፋ አረጀ። እንጉዳይ ኋላ ከማዕዷ ጠርታዋለች የሚሉ አሉ፤ አልጠራችውም የሚሉም አሉ። እኔ አላውቅም።

የማውቀው ይህን ነው። ዛሬም በጎሽ ምላስ ዳር ተሳፋሪ ያገኘ ቀዛፊ ታንኳውን ብቻውን ውሃ ላይ አያወርድም። ቆሞ «የቀና ይግፋ!» ብሎ ይጣራል። ያን ጊዜ ተሳፋሪ ያጣው ቀዛፊ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሁሉም ያየዋል፣ ማንም አይስቅበትም። ትከሻውን ሰጥቶ ይገፋል፤ «ይቅናህ» ይላል። ታንኳውም ይሄዳል።