የአፋፉ ባሕታዊ

ጆሯችሁን ወዲህ በሉ። ድሮ ነው፤ እንስሳት ሁሉ ስለት በሚሳሉበት ዘመን፣ ባሕር ውስጥ ዘልቆ የገባ አንድ የአለት አፋፍ ነበር። ከጥንት አንድ ባሕታዊ ጫፉ ላይ ቆመው ሲጸልዩ ማዕበሉ ጸጥ ብሎላቸዋል ይባላል። ስለዚህ የታመመውም የተቸገረውም ከየአገሩ እየመጣ አለቱን ይሳለማል፣ ስለቱን ያኖራል፣ ከዚያ ዞሮ ሳያይ ይመለሳል። ዞሮ ያየ ስለቱ አይሰምርለትም።

ታዲያ ከአፋፉ ሥር፣ አንዲት ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ፣ ሽኮኮ ይኖር ነበር። ዞሮ የሚያይ ከሌለ ምን ቸገረው! ቆሎውንም ዳቦውንም እየጎተተ ያስገባል። ሆዱ ሞላ፤ ዓይኑ ግን መች ሞልቶ! አንድ ቀን ፍየል እፍኝ ገብስ አኑራ ልትሄድ ስትል ድምፁን አጎርንኖ፣

«አነሰ! ይጨመር!» አለ።

ፍየል ደንግጣ፣ «አባታችን ተናገሩ!» ብላ ስንቋን በሙሉ ዘርግፋ ሮጠች። ወሬው አገር አዳረሰ። አህያ ባቄላ ይዛ መጣች። «አነሰ! ይጨመር!» ሁለተኛውንም ስልቻ አራገፈች። ዝንጀሮ በቆሎ ይዞ መጣ። «አነሰ! ይጨመር!» ዝንጀሮ እንኳ፣ ያ ስስታም፣ ጉንጩ ውስጥ የደበቀውን ሳይቀር ተፍቶ ሄደ። ሽኮኮ ወፈረ፣ ወፈረና አንገቱ ጠፋ።

በመጨረሻ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አያ ጅቦ! ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ሩቅ መንገድ ተጉዞ ደረሰ። አለቱን ተሳልሞ አንዲት ደረቅ አጥንት አኖረ። ሽኮኮ ጥጋብ አደንዝዞት ስለነበር ማን እንደሆነ እንኳ ሳያይ፣

«አነሰ! ይጨመር!» አለ።

«አባቴ፣» አለ ጅብ፣ «ከዚህች ሌላ የለኝም። የቀረኝ ራሴ ነኝ። እንግዲያው ራሴን ለስለት ሰጥቻለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ እስክሞት ደጅዎን እጠብቃለሁ!» ብሎ የስንጥቁን አፍ ዘግቶ ተጋደመ።

ሽኮኮ አጮልቆ ቢያይ ጅብ ነው። ወደፊት ጅብ፣ ወደኋላ ባሕር!

«ልጄ፣ ስለትህ ደርሷል፤ አገርህ ግባ» አለ ድምፁን አጎርንኖ።

«አባቴ እየፈተኑኝ ነው! ንቅንቅ አልልም።»

«በግዝት! ሂድ ብያለሁ!»

«ይኸው፣ ሌላ ፈተና!» አለ ጅብ ደስ ብሎት።

የተከማቸው እህል ጥቂት ቀን አቆየውና አለቀ። እውነቱን እንዳይናገር፣ «ሽኮኮ ነኝ» ቢል ጅብ ይበላዋል። «ባሕታዊ ነኝ» ቢል ይራባል። ሲያንሰው ነው!

አንድ ቀን ተሳላሚዎች መጡ። ጅቡን ሲያዩ ከሩቅ ቆመው፣ «አያ ጅቦ! ለአባታችን ስለት ይዘናል!» ብለው ተጣሩ። ሽኮኮ ምራቁን ዋጠ።

«መልሱት!» ብሎ ጮኸ ጅብ። «አባታችን እህል ከተዉ ሰንብተዋል። ሆዳቸው ሲጮኽ ስሰማ ውዬ አድራለሁ፤ እንዲህ ያለ ጾመኛ አይቼ አላውቅም!»

ተሳላሚዎቹ እልል ብለው፣ ኮረብታው ላይ ተቀምጠው ዳቧቸውን ቆርሰው በሉ። ነፋሱ የዳቦውን ሽታ እያመጣ ስንጥቁን ሞላው።

«ልጄ፣» አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ ከውስጥ፣ «አንዲት ፍሬ ገብስ ብቻ...»

«ኧረ በጭራሽ!» አለ ጅብ። «እኔ ቆሜ ጾምዎን አላስገድፍዎትም!»

በሰው ስለት የወፈረ፣ በገዛ ደጁ ታሰረ።